ቦርዱ ላይ ማን ይቀመጥ?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ። የማትስማሙበት ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ እንደለመድነው ያለ ስድብ እንከራከራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆቻችን ልጁ ሕፃን እያለ የሚጠይቁት ስለ ሐኪምና ስለ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ እናት ደግሞ ስድሳ አምስት ሲሞላት ጥያቄው ይለወጣል፦ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ይህን ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰምቼዋለሁ፣ በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ከታክሲዬ የኋላ ወንበርም ሰምቼዋለሁ። አብዛኞቻችን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን እናልፈዋለን። እግዚአብሔርማ ያውቃል። እኛ ግን ምን እናውቃለን?

በዚህ አገር ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንድ አዋቂ አካል ጉዳተኛ ድጋፍ ሲያስፈልገው ካውንስሉ ሶሻል ወርከር ልኮ ፍላጎቱን ያስጠናል፤ የ2014ቱ ኬር አክት ግዴታ አድርጎበታል። ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ካውንስሉ ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን ልጁን የሚያለብሰው፣ ገበያ የሚወስደው፣ መድኃኒቱን የሚያስታውሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የካውንስል ሠራተኛ አይደለም። ወይ የግል ኩባንያ ወይ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ማለትም በተለምዶ ቻሪቲ የምንለው፣ የቀጠረው ነው። በቻሪቲው አናት ላይ ደግሞ ቦርድ አለ። ማዕከሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን ይሁን፣ አቤቱታ ሲመጣ ማን ይመርምር፣ ይህን ሁሉ በመጨረሻ የሚወስነው ቦርዱ ነው። ስለዚህ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ «ቦርዱ ላይ ማን አለ?» ማለት ነው። ልጃቸው በየቀኑ ከሚውልበት ማዕከል የቦርድ አባላት የአንዱን እንኳ ስም የሚያውቅ ወላጅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

አሁን ይህን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ጥቂት ወዳጆች ተሰባስበው አዋቂ አካል ጉዳተኞች ላሏቸው የሐበሻ ቤተሰቦች ማኅበር ለማቋቋም ደፋ ቀና እያሉ ነው። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ስለተነሡም አመሰግናቸዋለሁ። ለቦርድ የታጩትን ስም ዝርዝር ላኩልኝ፦ አንድ ሐኪም፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ካህን፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንድ የሂሳብ ባለሙያ፣ እና እኔ «ኢንጂነሩ»። ሁሉም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላችን ግን አንድም አካል ጉዳተኛ የለም። የአካል ጉዳተኛ ወላጅም የለም። ለወዳጆቼ በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ነገሩ የነሱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ልማድ ነውና።

ለማታውቁኝ፦ አገር ቤት አምስት ኪሎ ተምሬ ሕንፃ ሳሠራ የነበርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ እዚህ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት በደቡብ ለንደን በአንድ ትንሽ የቀን ማዕከል በበጎ ፈቃድ የቦርድ አባል ሆኜ አገለግላለሁ። የምጽፈው በራሴ ስም ነው።

ከቃሉ ልጀምር። የዚህ አገር ሕግ የቻሪቲ ቦርድ አባልን «ትረስቲ» ይለዋል። ወደኛ ቋንቋ ስመልሰው «ባለአደራ» ከሚለው የተሻለ ቃል አይመጣልኝም። ተቆጣጣሪው ቻሪቲ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1853 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ከባለአደራው የሚጠበቀው በአጭሩ ይህ ነው፦ ድርጅቱ የተቋቋመበትን ዓላማ ማስፈጸም፣ ሕጉንና መተዳደሪያ ደንቡን ማክበር፣ ከራሱ ጥቅም የድርጅቱን ማስቀደም፣ ገንዘቡን በጥንቃቄ መያዝ፣ በቂ ትጋት ማሳየት፣ ሲጠየቅ መልስ መስጠት። ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ የትራንስፖርትና የመሳሰሉት ወጪዎቹ ግን ይተካሉ። እኛ ዘንድ «አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» ይባላል። እንግሊዞቹ የምድሩን አደራ በሕግ ጽፈውታል።

እኛ ግን ወንበሩን የምናየው በሌላ ዓይን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ገንዘብ የማይበላበት ወንበር ላይ እንኳ ክብር ይበላል። «ሊቀመንበር» የሚለው ስም በሠርግ ላይ ይጠራል፣ በለቅሶ ላይ ይጠራል። ስለዚህ ቦርድ ስንመርጥ የምናየው ማን ትልቅ ሰው ነው፣ ማን ብዙ ይሰጣል፣ ማንን ብንተወው ይቀየማል የሚለውን ነው። ድርጅቱ የሚያገለግለው ሰው ከዝርዝሩ ይጠፋል። እሱ «ተረጂ» ነዋ።

የሚገርመው፣ ከዚህ የተሻለ ልማድ ራሳችን አለን። ዕድርን አስቡት። ዕድር ውስጥ ረጂና ተረጂ የሚባሉ ሁለት ወገኖች የሉም። ዛሬ ድንኳን የሚተክለው ሰው ነገ ድንኳን ይተከልለታል። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም ሐዘን ሲደርስባቸው እንደ ማንኛውም አባል በደንቡ ይስተናገዳሉ። ለዚህ ነው የዕድር ዳኛ የተቀደደ ድንኳን እንዲቀደድ የማይተወው፤ ነገ እሱም ያለቅስበታል። ቻሪቲ ላይ ግን ወሳኙ አንድ ሰው፣ በውሳኔው የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። ውሳኔው ሲበላሽ የሚያመው ወሳኙን አይደለም። ቦርዱ ላይ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሲቀመጡ ያ ክፍተት ይጠባል። የምለው ነገር በሙሉ ይኸው ነው፤ ቀሪው ማስረጃ ነው።

መሐንዲስ ስለሆንኩ ከሕንፃ ልነሣ። አገራችን ላይ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 (ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ምክንያት የተሠሩ ራምፖችን አይታችኋል። አንዳንዱ ጎረምሳ እንኳ ባዶ ጋሪ ገፍቶ የማይወጣው ዳገት ነው፤ አንዳንዱ ሽቅብ ወጥቶ በር ላይ ደረጃ ይጠብቀዋል። በሙያው የተለመደው ልክ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው። ያንን የማያውቅ መሐንዲስ የለም። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በዊልቸር የሚሄድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ ግን ያ ዳገት አይሠራም ነበር። ለንደን ውስጥ ጥቁር ታክሲዎች በሙሉ ዊልቸር የሚያስገቡ እንዲሆኑ የተደረገው ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። አካል ጉዳተኞች ለዓመታት አደባባይ ወጥተው፣ መንገድ ዘግተው ስለ ትራንስፖርት ባይጮኹ ኖሮ እንዲህ ያለው ደንብ በቀላሉ የሚመጣ አልነበረም።

እንግሊዞችም ቦርድ ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት በቀላሉ አልተማሩትም። ሊዮናርድ ቼሻየር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በ1948 ሐምፕሸር ውስጥ ሌ ኮርት በተባለው ቤቱ መሄጃ ያጣ አንድ ታማሚ ተቀብሎ እስኪሞት አስታመመው። ከዚያ ሌሎችም መጡ፤ የቼሻየር ቤቶች በዓለም ዙሪያ ተስፋፉ። በ1962 የተጀመረውን የመናገሻውን ቼሻየር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፖሊዮ የጎዳቸው ስንት ልጆቻችን እዚያ ቆመው መሄድ ተምረዋል። ሰውየው ደግ ነበር፤ ሥራውም ትልቅ ነው።

ሌ ኮርት ውስጥ ይኖሩ የነበሩት አካል ጉዳተኞች ግን ሌላ ጥያቄ አነሡ። መቼ እንደሚተኙ፣ መቼ እንደሚወጡ፣ ማን እንደሚጎበኛቸው የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ። በ1956 ገና በ19 ዓመቱ ሌ ኮርት የገባው ፖል ሀንት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነዋሪዎቹ በአስተዳደሩ ውስጥ ድምፅ እንዲኖራቸው ለዓመታት ታገለ። በ1972 ለጋርዲያን ጋዜጣ አጭር ደብዳቤ ጽፎ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር እንዲቋቋም ጥሪ አደረገ፤ ማኅበሩም ተቋቋመ። በ1979 ደግሞ ጆን ኢቫንስን ጨምሮ ጥቂት የሌ ኮርት ነዋሪዎች ሂሳብ ሠሩ። «ለተቋሙ በኛ ስም የምትከፍሉትን ገንዘብ ለኛ ብትሰጡን በራሳችን ቤት ረዳት ቀጥረን መኖር እንችላለን» የሚል ነበር ነገሩ። ካውንስሉን አሳመኑት፤ ኢቫንስ በ1983 ወጥቶ በራሱ ቤት መኖር ጀመረ። ይህ መንገድ እየሰፋ ሄዶ በ1996 የዳይሬክት ፔይመንት ሕግ ወጣ። ዛሬ በዳይሬክት ፔይመንት አማርኛ ተናጋሪ ረዳት ቀጥራችሁ ለልጃችሁ ሽሮ የምታሠሩለት ወላጆች፣ የዚህን መብት ሥር ስትፈልጉ የምታገኙት እነዚያን ሰዎች ነው።

«እሺ፣ እነሱ አካላቸው እንጂ አእምሯቸው አልተጎዳም፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትስ?» ትሉኛላችሁ። ከ1984 ጀምሮ እዚሁ ለንደን ፒፕል ፈርስት የሚባል ድርጅት አለ። የሚመሩት የመማር ችግር ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የስብሰባ ወረቀት በአጫጭር ዓረፍተ ነገርና በሥዕል ይዘጋጃል፤ ረዳት አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ድምፁ ግን የነሱ ነው። በሕጉም በኩል የ2005ቱ ሜንታል ካፓሲቲ አክት መነሻው አንድ አዋቂ መወሰን እንደማይችል እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደሚችል ይቆጠራል የሚል ነው። ትረስቲ ከመሆን የሚያግዱት የታወቁ ነገሮች ያልተፋቀ የማጭበርበር ወንጀልና ኪሳራ የመሳሰሉት ናቸው፤ ዳውን ሲንድሮም ወይም ኦቲዝም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አገራችንም ምሳሌ አታጣም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ዓይነ ስውራን ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር ነው፤ ዕድሜው ከስድሳ ዓመት በላይ ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ ሕግ ተምራ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን በ2005 ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመች። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ኦቲዝም የሚለው ቃል በአማርኛ በማይታወቅበት ጊዜ የራሷን ልጅ ይዛ የጆይ ማዕከልን በ2002 ከፈተች። እነዚህ ሁሉ «ጉዳዩ የኔ ነው» ብለው የተነሡ ናቸው። ሕግም ሲያግዳቸው አይተናል። በአዋጅ 621/2001 መሠረት ገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚመጣ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። ዊልቸር ማደል ይቻላል፣ ስለ መብት መናገር አይቻልም ማለት ነው። ያ ሕግ በአዋጅ 1113/2011 እስኪተካ አሥር ዓመት ቆየ (ሁለቱም አዋጆች በኛ አቆጣጠር)። ታዲያ ማንም ሳይከለክለን፣ በነፃ አገር፣ እኛው በገዛ እጃችን ቦርድ ስንሠራ ለምን ያንኑ እንደግማለን?

በላይ ያለው ሰው ካልጠየቀ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዊንተርቦርን ቪው የሚለውን ስም ፈልጉ። ብሪስቶል አጠገብ የነበረ የግል ሆስፒታል ነው፤ ቻሪቲ አልነበረም። የመማር ችግር ያለባቸው አዋቂዎች ይኖሩበት ነበር፤ ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ ወደ 3,500 ፓውንድ ይከፈል ነበር። በ2011 የቢቢሲው ፓኖራማ በድብቅ ካሜራ ሠራተኞች ሰዎቹን ሲደበድቡና ሲያሠቃዩ አሳየ። አሥራ አንድ ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ስድስቱ ታሠሩ። ክፍያው ሙሉ ነበር፣ ባለሙያም ተቀጥሮ ነበር። እዚያ የሚኖረው ሰው «ተመታሁ» ሲል የሚሰማው፣ ሥልጣንም ያለው ሰው ግን በላይ አልነበረም።

ከኛ ማዕከል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዘጠኝ የቦርድ አባላት ሦስቱ የማዕከሉ ተጠቃሚዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያዣችን «ሚኒባሳችን አርጅቷል፤ ሸጠን በኮንትራት መኪና እንጠቀም» የሚል ሐሳብ ከነሂሳቡ አቀረበ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ኦቲዝም ያለበት አባላችን እጁን አወጣና «ሾፌሩ በየቀኑ ያው ሰው ነው?» አለ። በኮንትራት መኪና ሾፌር ይለዋወጣል፤ ሥራዬ ነውና ይህን አውቃለሁ። ከተጠቃሚዎቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ከማያውቁት ሰው መኪና አይገቡም። ገንዘቡን እናተርፍና ሰዎቹ እቤት ይቀሩ ነበር። ሐሳቡ እዚያው ተቀየረ፤ ሚኒባሱ ታደሰ፣ ሾፌሩም ያው ነው። ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ጠበቃም ሐኪምም መሆን አላስፈለገም።

ወዳጆቼ ያነሡልኝ ሥጋት ሁለት ነው። አንደኛው «ተጠቃሚው ለራሱ ያዳላል» የሚል ነው። ነጋዴውስ? ቦርድ ላይ የግል ጥቅም የሚነካ ጉዳይ ሲነሣ አባሉ ይናገራል፣ ይመዘገባል፣ ከውሳኔው ይወጣል። ለሁሉም አንድ ደንብ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት «ድርጅቱ ቢከስር ቤቴን ይወስዱብኛል» የሚል ነው። በ2015 የተዘጋውን የለንደኑን ኪድስ ካምፓኒ ታስታውሱ ይሆናል። ባለሥልጣኑ የቦርድ አባላቱን ከዳይሬክተርነት ለማሳገድ ከሰሳቸው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ክሱን ውድቅ አደረገው። ቻሪቲ ኮሚሽን ግን በ2022 ባወጣው ሪፖርት የድርጅቱ አመራር ክፍያዎችን በወቅቱ ባለመክፈሉ ጉድለት አግኝቶበታል። ከዚህ የምወስደው፣ በቅንነትና በትጋት የሚሠራ ሰው እንዲህ የሚፈራበት ምክንያት የለም። መሥራችን ማድነቅ ግን ሂሳብ ማየትን አይተካም። በኛ ማኅበራት ደግሞ መሥራችን መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ማኅበሩ በሕጋዊ አካልነት ቢመዘገብ ለአባላቱም ጥበቃው ይጠነክራል።

ለወዳጆቼ ያልኩት እንግዲህ ይህ ነው። ከሰባቱ ወንበር ቢያንስ ሦስቱ ለአካል ጉዳተኞች፣ አንዱ ለወላጅ ይሁን፤ ድምፃቸውም ሙሉ ድምፅ ይሁን። ነጠላ ሰው ለይስሙላ አታስቀምጡ፤ ብቻውን ያለ ሰው ዝም ይላል። የስብሰባው ወረቀት ከሳምንት በፊት፣ ሁሉም በሚገባው አማርኛ ይድረሳቸው። ስብሰባው በዊልቸር በሚገባበት ቤት፣ ረዳቱ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ይሁን። የረዳትና የትራንስፖርት ወጪ በበጀት ይያዝ፤ ቻሪቲ ኮሚሽንም ይፈቅደዋል። ማንም ከዘጠኝ ዓመት በላይ አይቀመጥ። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ነጋዴው አማካሪ ሆነው ይርዱ፤ እውቀታቸውን ለመስጠት ወንበር አያስፈልጋቸውም። እኔም የተሰጠኝን ቦታ ለሌላ እንዲያደርጉት ነግሬያቸዋለሁ፤ መኪናዬና ቅዳሜ ጠዋቴ ግን ለማኅበሩ ነው።

ከአንባቢዎቼ መካከል አካል ጉዳተኛ የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። ለዚህ ማኅበርም ሆነ ለሌላ ራሳችሁን አቅርቡ፤ «ማን ይመርጠኛል» አትበሉ። ቤኔፊታችሁ ይነካል ብላችሁም አትፍሩ፤ ያለ ክፍያ ማገልገልና የወጣ ወጪ መተካት በራሱ ቤኔፊት አያስቀርም፤ ብቻ ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቁ። ወላጆች ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የልጃችሁን ማዕከል ወይም የሚኖርበትን ቤት የሚያስተዳድረውን ቻሪቲ ስም በቻሪቲ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። የቦርዱ አባላት ስምና የዓመቱ ሂሳብ ለማንም ክፍት ነው፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፣ ወይም ለኔ ላኩልኝና አብረን እናያለን። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ከቦርዳችሁ አባላት ስንቱ አካል ጉዳተኛ ነው?» መልሱን እዚህ ከታች አካፍሉን።

ቸር ያሰማን።